ጓዳው አንድ፣ በሩ ሁለት

በብዙ ቤት ላፕቶፑ አንድ ነው። የአባት የሥራ ደብዳቤ፣ የእናት የዕቁብ ሒሳብ፣ የሠርጉና የክርስትናው ፎቶ ሁሉ እዚያው ተጠራቅሟል። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ልጅ ባለበት ቤት ደግሞ በዚያው ላፕቶፕ ላይ ከዊንዶውስ ጋር ሊኑክስ የሚባል ሥርዓት ሊኖር ይችላል።

ሊኑክስ በ1991 እ.ኤ.አ. ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ የጀመረው፣ በነፃ የሚገኝ ሥርዓት ነው። ብዙ የኢንተርኔት ሰርቨሮች የሚሠሩበት በመሆኑ ፕሮግራሚንግ የሚማር ልጅ ቢለምደው ይጠቅመዋል። ማይክሮሶፍት ከ2016 ወዲህ ሊኑክስን በዊንዶውስ ውስጥ ለማስኬድ የሚያስችል አሠራር ስላቀረበ ለልጁ ሌላ ላፕቶፕ መግዛት አያስፈልግም።

ይሁንና ወላጆች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ይህ ሊኑክስ እንደተጫነ በሲ ድራይቭ ላይ ያሉትን ፎልደሮች ያያል። የሚያየው ኮፒውን ሳይሆን ራሱን ፋይሉን ነው፤ ጓዳው አንድ፣ በሩ ሁለት እንደማለት። በሊኑክስ በኩል የተሰረዘ ፎቶ ከዊንዶውስም ይጠፋል። "አርኤም" በሚባለው ትዕዛዝ ከተሰረዘ ደግሞ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ገብቶ አይጠብቅዎትም።

የልጁም ሥራ ቢሆን አደጋ አለበት። በሊኑክስ ውስጥ ያስቀመጠው የመመረቂያ ፕሮጀክት በዶክመንትስ ፎልደር ውስጥ አይገኝም፤ ሊኑክሱ ያለው ሁሉ ተጠቅልሎ የሚቀመጠው ከዓይን በራቀ አንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ ነው። ስለዚህ ወላጅ "ዶክመንትሱንና ዴስክቶፑን ኮፒ አድርጌያለሁ" ብሎ ላፕቶፑን ፎርማት ቢያስደርግ፣ የልጁ የወራት ልፋት አብሮ ይሄዳል።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ለልጁ የራሱን የዊንዶውስ አካውንት ይክፈቱለት፤ የአድሚኒስትሬተር ሥልጣን ባይኖረው ይመረጣል። በእርስዎ አካውንት ከገባ ሊኑክሱም የእርስዎን ፋይሎች እንደ እርስዎ ይከፍታል፣ ይሰርዛል። በራሱ ከገባ ግን የእርስዎ ፎልደሮች ይዘጉበታል። በጋራ የምትጠቀሙባቸውን ፋይሎች "ፐብሊክ" በሚባለው ፎልደር ማስቀመጥ ይቻላል፤ እዚያ የሚገባው ግን ኮፒው ብቻ ይሁን።

ሁለተኛ፣ የቤተሰቡን ፎቶዎች በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጠው፣ ነቅለው ያስቀምጡ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ይህን ለነገ አይበሉት።

ሦስተኛ፣ ልጁ ሥራውን ወደ ዊንዶውስ በኩል የማውጣት ልማድ ይኑረው። በአዳዲስ ዊንዶውሶች ፋይል ኤክስፕሎረር ሲከፈት በግራ በኩል የፔንግዊን ምስል ያለበት "ሊኑክስ" የሚል ቦታ ይታያል። ከዚያ ገብቶ ፋይሎቹን እንደማንኛውም ፋይል ወደ ፍላሽ መገልበጥ ይችላል።

ላፕቶፑን ለጥገና ከመስጠትዎ ወይም ከመሸጥዎ በፊት ደግሞ ልጅዎን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ "ሊኑክሱ ውስጥ የቀረህ ነገር አለ?"