በዘር ውሾች ንግድ የሚነገሩ ቃላትና ትርጉማቸው

በንግድ ዓለም እያንዳንዱ ሸቀጥ የራሱ ቋንቋ አለው። ቡና የሚነግድ ሰው ስለ ደረጃና ስለ ቅምሻ፥ ቆዳ የሚነግድ ሰው ስለ ውፍረትና ስለ ጠባሳ የሚነገረውን ቃል ሳያውቅ ወደ ገበያ አይወጣም። የዘር ውሻም ነገር እንዲሁ ነው። ግቢውን ወይም መጋዘኑን ለማስጠበቅ፥ አለዚያም አራብቶ ለመሸጥ ከውጭ አገር ውሻ የሚያስመጣ ሰው ከሻጩ የሚደርሰው ደብዳቤ በሙያ ቃላት የተሞላ ነው። ዋጋው የሚወጣውና የሚወርደውም በነዚሁ ቃላት ስለ ሆነ፥ እያንዳንዱ ቃል ምን እንደሚያረጋግጥና ምን እንደማያረጋግጥ ለይቶ ማወቅ ከኪሳራ ያድናል።

ከቃላቱ ብዙዎቹ የተገኙት ከእንግሊዝ አገር ነው። በ1859 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኒውካስል ከተማ በተደረገው ትርኢት ፖይንተርና ሴተር የተባሉት የአደን ውሾች ለውድድር ቀረቡ። ትርኢቶቹ እየበዙ ሲሄዱ ምዝገባውንና ዳኝነቱን የሚመራ አካል በማስፈለጉ፥ በ1873 ኬነል ክለብ የተባለው ማኅበር በእንግሊዝ አገር ተቋቋመ። በ1884 የአሜሪካ ኬነል ክለብ፥ በ1911 ደግሞ በአጭሩ ኤፍ.ሲ.አይ. የሚባለው ዓለም አቀፍ የውሻ ማኅበራት ፌዴሬሽን ተከተሉ። እንግዲህ ሻጩ «የተመዘገበ ውሻ» ሲል፥ ገዢው አስቀድሞ «በየትኛው ማኅበር መዝገብ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል፤ የምስክር ወረቀት ማሳተም ለማንም አይከብድምና።

ስታንዳርድ። የአንድ ዘር ውሻ መልኩ፥ ቁመቱ፥ አረማመዱና ጠባዩ ምን መሆን እንዳለበት በጽሑፍ የተወሰነበት መመዘኛ ነው። ለምሳሌ የጀርመን እረኛ ውሻ ተባዕቱ ከ60 እስከ 65 ሳንቲሜትር፥ እንስቲቱ ከ55 እስከ 60 ሳንቲሜትር እንዲሆኑ ተደንግጓል። ቁመቱ የሚለካው ከመሬት እስከ ጫንቃ እንጂ እስከ ራስ አይደለም። «የመቀስ ንክሻ» የሚባለውም የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ከታችኞቹ ፊት ተጠግተው ሲገጥሙ ነው።

ፔዲግሪ። የውሻው የዘር ሐረግ የተጻፈበት ወረቀት ነው። አባት «ሳየር»፥ እናት «ዳም» ይባላሉ፤ ከነርሱም በላይ አያቶችና ቅድመ አያቶች በተራ ይዘረዘራሉ። ከውሻው ስም ጋር ተያይዞ የሚጻፈው የኬነል ስም ውሻው በማን ቤት እንደ ተወለደ የሚያስታውቅ ሲሆን፥ አገልግሎቱ እንደ ንግድ ምልክት ነው። ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱት በዚህ ወረቀት ላይ ነው። ፔዲግሪ የልደት ምስክር እንጂ የሐኪም ምስክር አይደለም። ውሻው ከማን እንደ ተወለደ ይናገራል፤ ጤነኛ ስለ መሆኑ ግን ምንም አይናገርም። በትልልቅ ውሾች ላይ የሚታየው የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም የሚታወቀው በራጅ ምርመራ ነው። በኤፍ.ሲ.አይ. ሥርዓት ውጤቱ ከኤ እስከ ኢ ባሉ ፊደላት ይመደባል፤ ኤ ከሁሉ የተሻለው ነው። በእንግሊዝ አገር ግን ከ0 እስከ 106 በሚደርስ ቍጥር ይሰጣል፤ ቍጥሩ ባነሰ መጠን ዳሌው የተሻለ ነው። ስለዚህ የወላጆቹን የራጅ ውጤት ለብቻው መጠየቅ ያሻል።

ኢንብሪዲንግና ላይን ብሪዲንግ። በአገራችን ባህል ጋብቻ ሲታሰብ ዘር እስከ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ዝምድና እንዳይገኝ ነው። ውሻ አርቢዎች ግን የሚቆጥሩት አንዳንዴ ዝምድናውን ፈልገው ነው። አባትን ከልጁ፥ ወንድምን ከእኅቱ ማራባት «ኢንብሪዲንግ» ይባላል። ላቅ ያለ የአንድ አያትን መልክ ለማቆየት ራቅ ያሉ ዘመዳሞችን ማገናኘት ደግሞ «ላይን ብሪዲንግ» ነው። «አውትክሮስ» የሚባለው በአንድ ዘር ውስጥ የማይዛመዱትን ማገናኘት ሲሆን፥ ከሁለት ዘር ከሚወለደው ክልስ ጋር ሊምታታ አይገባም። ዝምድናው በቍጥር ይሰላል፤ ከአባትና ከልጅ ወይም ከወንድምና ከእኅት የሚወለድ ቡችላ ከመቶ 25፥ በአንድ ወላጅ ብቻ ከሚገናኙት የሚወለድ 12.5፥ ከአጎት ልጆች የሚወለድ 6.25 ነው። ቍጥሩ ከፍ ባለ መጠን መልክ እንደሚጸና ሁሉ የተሰወረ በሽታም ይገለጣል። በ2008 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ይህን ጉዳት የሚያሳይ ፊልም ካቀረበ በኋላ ብርቱ ክርክር ተነሣ፤ በ2009 ኬነል ክለብ ከወላጅና ከልጅ ወይም ከወንድምና ከእኅት የሚወለዱ ቡችሎችን መመዝገብ አቆመ። ገዢ በፔዲግሪው ላይ አንድ ስም በአባትም በእናትም ወገን ተደጋግሞ ቢያይ ምክንያቱን ይጠይቅ።

ሻምፒዮን። በትርኢት ሜዳ ዳኛው ውሻን ከውሻ ጋር ከማወዳደሩም በላይ እያንዳንዱን ከስታንዳርዱ ጋር ያመዛዝናል። ውሻውን አስተካክሎ ማቆም «ስታክ» ይባላል። በዘሩ አንደኛ የወጣው ወደ ምድብ ውድድር ያልፋል፤ የየምድቡ አሸናፊዎች ተወዳድረው የሚመረጠው «ቤስት ኢን ሾው» ይሰኛል። ሻምፒዮን ለመባል በእንግሊዝ አገር ከሦስት ልዩ ልዩ ዳኞች ሦስት የምስክር ወረቀት፥ በአሜሪካ ደግሞ 15 ነጥብ ያስፈልጋል። «ከሻምፒዮን ዘር የተወለደ» የሚለው ማስታወቂያ ግን ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ብቻ ቢያሸንፍም የሚጻፍ ቃል ስለ ሆነ፥ ለእርሱ ብቻ ተጨማሪ ዋጋ መክፈል አይገባም።

የተወሰነ ምዝገባ። ከሁሉ የሚያከስረው ይህ ነው። «ፔት ኳሊቲ» ማለት ለቤት እንጂ ለትርኢት የማይበቃ ሲሆን፥ «ሾው ኳሊቲ» ለትርኢት ይበቃል ተብሎ የታሰበ ነው፤ ሁለቱም የሻጩ አስተያየት እንጂ የማኅበር ውሳኔ አይደሉም። የተወሰነ ምዝገባ ግን በማኅበሩ መዝገብ የተጻፈ ገደብ ነው። ውሻው ተመዝግቧል፤ ከእርሱ የሚወለዱት ግን አይመዘገቡም። በእንግሊዝ አገርም አርቢው እንዲህ ያለ ገደብ ማስጻፍ ይችላል። ነጋዴው አራብቶ ለመሸጥ አስቦ እንስት ውሻ ቢያስመጣና ይህን ሳያስተውል ቢቀር፥ የመርከብ ወይም የአውሮፕላን ጭነት፥ ቀረጥና የሐኪም ወጪ ከፍሎ ሲያበቃ፥ ቡችሎቹን ያለ ወረቀት በረከሰ ዋጋ ለመሸጥ ይገደዳል። ገደቡን የሚያነሣው ያስጻፈው አርቢ ስለ ሆነ፥ ገንዘቡ ከተላከ በኋላ ገዢው የመደራደሪያ ኀይል አይኖረውም።

ስለዚህ የዘር ውሻ የሚያስመጣ ሰው ገንዘብ ከመላኩ በፊት አራት ነገሮች በውሉ እንዲጻፉለት ያድርግ፤ ይኸውም የመዝጋቢው ማኅበር ስምና የምዝገባው ቍጥር፥ የወላጆቹ የራጅ ውጤት፥ ምዝገባው ሙሉ ወይም የተወሰነ መሆኑ፥ የውርስ ሕመም ቢገኝ ሻጩ የሚወስደው ኀላፊነት። እነዚህ ካልተጻፉ ያማሩ የሙያ ቃላት የሻጩን ዋጋ ከፍ ከማድረግ በቀር ለገዢው የሚሰጡት ዋስትና የለም።