የድርሰት መምህር፣ አዲስ ተማሪዎችና ወላጆቻቸው፤ በሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ

የትምህርት ዘመን በመስከረም ሲከፈት በሐዋሳ ከተማ ፒያሳ አካባቢ የሚታየው ትርምስ ለማንም እንግዳ አይደለም። ከቅዱስ ገብርኤል ካቴድራል ወደ ሐይቁ በሚወስደው ሰፊ ጐዳና የደንብ ልብስ የለበሱ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ይተላለፋሉ፤ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች ደጃፍ በደብተር ክምር ይጣበባል። ከእነዚህ ልጆች መካከል ስድስተኛ ክፍልን አጠናቀው ወደ ሰባተኛ የሚሻገሩት ለየት ያለ ደፍ ላይ የቆሙ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት 7ኛና 8ኛ ክፍል ራሱን የቻለ መካከለኛ ደረጃ ሆኗል። ይህም ቢሆን ፈጽሞ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከ1986ቱ ፖሊሲ በፊት እነዚሁ ሁለት ክፍሎች መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ይባሉ ስለነበር የዛሬዎቹ አያቶች አከፋፈሉን ያውቁታል።

በዚህ ደፍ ላይ ተማሪውንና ቤተሰቡን ከሚቀበሉት መምህራን አንዱ ድርሰት የሚያስተምረው የአማርኛ መምህር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ወላጆች ከሚያነሡለት ጥያቄ ሁሉ ቀድሞ የሚመጣው «መምህር፣ የልጄ ጽሕፈት እንዴት ነው?» የሚለው ሲሆን፣ ጠያቂው ማወቅ የሚፈልገው አብዛኛውን ጊዜ የእጁን ጽሕፈት ነው። ይህ አመለካከት ሥር አለው። በጥንቱ የቤተ ክህነት ትምህርት ፊደል ቈጥሮ ዳዊት የደገመ ልጅ ማንበብ ቻለ ይባላል እንጂ መጻፍ ቻለ አይባልም ነበር፤ ቁም ጽሕፈት ብራና ከመፋቅና ቀለም ከመበጥበጥ ጋር ለብቻው የሚለመድ ሙያ ነበርና። ስለዚህ ወላጁ ስለ ፊደል ቅርጽ ቢጠይቅ ስሕተቱ የእርሱ ብቻ አይደለም። መምህሩ ግን በመጀመሪያው ግንኙነት የእጅ ጽሕፈትና ድርሰት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ካላስረዳ፣ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ቃል ሁለት ነገር ሲያነጋግሩ ይኖራሉ።

ማስረዳቱ በንግግር ብቻ አይሳካም። የሚበጀው ለዚሁ የተዘጋጁ ሁለት ወረቀቶችን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ማሳየት ነው። አንደኛው በሚያምር እጅ «ሐዋሳ ውብ ከተማ ናት፤ ሐይቋም ውብ ነው» እያለ አንድ ገጽ ይሞላል። ሁለተኛው ፊደሉ የተንጋደደ ሆኖ፣ አሞራ ገደል ላይ ቆሮሶ እንዴት እንደሚገፈፍ፣ ቢላዋው ከየት በኩል እንደሚገባ፣ አባ ኮዳ የተጣለለትን አንጀት ለመንጠቅ ስንት እርምጃ ድረስ እንደሚቀርብ ይዘረዝራል። ሁለቱ ወረቀቶች ለወላጆች በቃል ሲነበቡላቸው የትኛው እንደሚበልጥ ለመፍረድ ፊደል ማወቅ አያስፈልግም፤ ዓሣ አስጋሪው አባትና ገበያ የምትውለው እናት ከመምህሩ ይልቅ ፈጥነው ይፈርዱ ይሆናል። ያን ጊዜ ወላጁ በልጁ ድርሰት ውስጥ ድርሻ እንዳለው ይረዳል፤ ልጁ የሚጽፈው ነገር የሚገኘው ከቤቱ ነውና።

ሌላው ክብደት ያለው ጉዳይ የቋንቋ ነው። ሐዋሳ በ2012 ዓ.ም. የተመሠረተው የሲዳማ ክልል መዲና ስትሆን፣ በፒያሳ ዙሪያ ባሉ ቤቶች ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ አማርኛና ሌሎችም ቋንቋዎች ይነገራሉ። ለአንዱ ልጅ የአፍ መፍቻ የሆነው አማርኛ ለጐረቤቱ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይስተዋል አንድ ነገር አለ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ካዳረሳቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ሲዳምኛ ሲሆን፣ ይጻፍ የነበረውም በግዕዝ ፊደል ነበር፤ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ በላቲን ፊደል ይጻፋል። በመሆኑም በዘመቻው የተማሩ አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን የሲዳምኛ መጽሐፍ ማንበብ ሲያቅታቸው የአማርኛ ደብተሩን ፊደል ግን ይለዩታል። ይህን የማያውቅ መምህር እኒህን ሴት «ማንበብ አይችሉም» ብሎ ሊያልፋቸው ይችላል። መምህሩ በሲዳምኛ ወይም በወላይትኛ የተነገረውን የቤት ወሬ ልጁ በአማርኛ እንዲጽፈው ከፈቀደ ደግሞ ልጁ ሁለት ጊዜ ያስባል፤ ይህም ትርፍ እንጂ ጉድለት አይደለም።

ስለ ስሕተት እርማትም ለወላጆች አስቀድሞ መናገር ይገባል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ወይም ሠ እና ሰ በድምፅ ስለማይለዩ ልጁ ቢያምታታቸው የመስማት ጉድለት የለበትም፤ የማንበብ ልምዱ ገና ነው ማለት ነው። የአማርኛ ጽሕፈት መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ «ገና» የሚለው ቃል በዓሉም «እስካሁን»ም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው በዐረፍተ ነገሩ ነው። እንዲህ ያለውን ሁሉ በቀይ ቀለም ማጥለቅለቅ ተማሪውን አጫጭርና ባዶ ዐረፍተ ነገር ወደ መጻፍ ይገፋዋል። ያልታረመ ቃል ያዩ ወላጅ ግን መምህሩ ሰነፈ እንዳይሉ፣ በየጊዜው አንድ ዓይነት ስሕተት ብቻ እየተመረጠ እንደሚታረም ሊነገራቸው ይገባል።

የጊዜውም ነገር ግልጽ ይሁን። 60 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ለአንድ ድርሰት 5 ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ 300 ደቂቃ፣ ማለትም 5 ሰዓት ይፈጃል፤ አራት ክፍሎች ለሚያስተምር መምህር 20 ሰዓት መሆኑ ነው። በየሳምንቱ ይታረማል ብሎ ለወላጅ ቃል መግባት ስለዚህ ከእውነት የራቀ ነው። በዚያ ላይ በተለምዶ «ሚኒስትሪ» የሚባለው የ8ኛ ክፍል ፈተና በአመዛኙ በምርጫ የሚመለስ ስለሆነ፣ ድርሰት ለምን ጊዜ ይወስዳል የሚል ወላጅ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መምህሩም ቅር ሊሰኝበት አይገባም። የዘጠነኛ ክፍል የታሪክና የሥነ ሕይወት መምህር «አብራራ» ሲል የሚመልስለት የሚጠፋው ግን እዚህ ባልተሠራው ሥራ ምክንያት ነው።

ከቤት የሚፈለገው እርዳታ ትንሽ ነው። ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ድርሰቱን ጽፈው አይስጡ፤ እንዲህ ያለው ሥራ በሁለተኛው መስመር ላይ ስለሚታወቅ ልጁን ከማሳፈር በቀር አይጠቅመውም። ይልቁንም ልጁ የጻፈውን ጮኾ ያንብብላቸው፤ እነርሱም «ከዚያስ?» እና «አንተ የት ነበርህ?» ብለው ይጠይቁት። ጥያቄው የቀረበበት ቦታ በእርሳስ ምልክት ይደረግበትና ደብተሩ ወደ መምህሩ ይመለስ። በገጹ ግርጌ ለሰሚው ስም የሚሆን መስመር ቢተው መልካም ነው፤ ስማቸውን የማይጽፉ ካሉ ልጁ ይጽፍላቸዋል፤ እነርሱም ጣታቸውን ያትማሉ።