ሕፃናት በመኝታ ጊዜ ጨለማን ስለ መፍራታቸው

ሀገራችን ከምድር ወገብ ብዙ የራቀች ስላይደለች ሌሊቱ ዓመቱን በሙሉ ከቀኑ ጋር ሊተካከል ምንም ያህል አይቀረውም። በአዲስ አበባ ፀሐይ የምትጠልቀው በአሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ ጥቂት ዘግይታ ሲሆን፥ ድንግዝግዙም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ስለዚህ ጨለማን የሚፈራ ልጅ ባለበት ቤት ችግሩ በየማታው ይመላለሳል። ብዙዎች ወላጆች ይህን ፍርሃት እንደ ቅምጥልነት ይቈጥሩታል፤ ተግሣጽ የሚያስወግደው ነገርም ይመስላቸዋል። እኔም ከእነዚሁ አንዱ ነበርሁ፤ ክቡራን አንባብያን ከስሕተቴ ይጠቀሙ እንደ ሆነ በማለት የደረሰብኝን እጽፋለሁ።

የመጨረሻዪቱ ልጄ ስድስት ዓመትዋ ነው። አንድ ማታ እንግዶች በተቀመጡበት መብራት ጠፋና ሻማ ከጓዳ እንድታመጣ አዘዝኋት። እርስዋ ግን መቃኑን ይዛ ቆመች፤ ብቈጣም አልነቃነቅ አለች። በእንግዶቼ ፊት አፈርሁ። ድፍረት አስተምራታለሁ በማለትም ከዚያች ሌሊት ጀምሮ በመኝታዋ ጊዜ መብራቱን እያጠፋሁ መዝጊያውን ገጥሜባት እሄድ ጀመር። ሁለት ሌሊት አለቀሰች፤ በሦስተኛው ዝም አለች። ይህንም ድል አድርጌ ለእናትዋ በኵራት ነገርኋት። በአራተኛው ሌሊት ውኃ ልጠጣ ስነሣ እግሬ አንድ ለስላሳ ነገር መታ፤ መብራት ባበራ ልጄ ጋቢዋን ተጠቅልላ በእኛ መኝታ ቤት ደጃፍ ከባዶው ወለል ላይ ተኝታ አገኘኋት። ለካ ከፍርሃቱ ሳትድን ፍርሃቷን ለእኔ መንገሩን ብቻ ትታው ኖሯል።

በማግሥቱ ከጉልበቴ ላይ አስቀምጬ የምትፈራው ማንን እንደ ሆነ ብጠይቃት «አያ ጅቦን» አለችኝ። «አያ ጅቦ ወደ ቤት ይገባል ያለሽ ማን ነው?» ብላት፥ «አንተ ነሃ፥ አባባ!» ብላ መለሰችልኝ። እውነቷን ነው። ከፍርድ ቤት ያመጣሁትን ጽሕፈት በቤቴ ስገለብጥ ልጆቹ የጮኹ እንደ ሆነ ጠረጴዛውን እየመታሁ «አያ ጅቦ፥ ና ውሰድልኝ!» እል ነበር። በቀን ስጠራው የዋልሁትን ጅብ በሌሊት የለም ብላት እንዴት ታምነኛለች?

ይህ ልማድ የእኔ ቤት ብቻ አይደለም። እናት ምግብ ለማስጨረስ፥ ሞግዚት ልጅ ለማስተኛት፥ አባት ጸጥታ ለማግኘት ጅቡንም ጭራቁንም ይጠራሉ። ነገሩ በባሕር ማዶም የኖረ ነው፤ ጆን ሎክ የተባለው የእንግሊዝ ፈላስፋ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1693 ዓ.ም. ስለ ልጆች አስተዳደግ ባሳተመው መጽሐፍ፥ አሽከሮች ሕፃናትን በጨለማ በሚመጣ አስፈሪ ነገር እያስደነገጡ ዝም የሚያሰኙበትን ልማድ አጥብቆ ነቅፎአል። ስለ ጅቡም ካነሣን፥ በሐረር ከግንቡ ውጭ ሰዎች ማታ ማታ ሥጋ በእንጨት፥ አንዳንዴም በአፋቸው ይዘው ጅቦችን ያበላሉ። ጅብ አውሬ ስለ ሆነ ልጅን ከእርሱ ማስጠንቀቅ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የበረሃውን አውሬ የቤት አስተማሪ አድርጎ መቅጠር ሌላ ነገር ነው።

ከሁለትና ከሦስት ዓመት ዕድሜ በኋላ የልጅ አሳብ የሌለውን ነገር መሳል ይጀምራል፤ እውነተኛውን ከታሰበው መለየቱ ግን ገና አልጠናም። ስለዚህ በዚህ ዕድሜ ጨለማን መፍራት የብዙ ጤነኛ ልጆች ጠባይ ነው። ዐይንም የበኩሉን ይጨምርበታል። ለደማቅ ብርሃንና ለቀለም የሚያገለግሉት የዐይን ሕዋሳትና ለደብዛዛ ብርሃን የሚያገለግሉት የተለያዩ ናቸው፤ እነዚህ ሁለተኞቹ ከመብራት በኋላ ኀይላቸውን አሟልተው እስኪያገኙ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅባቸዋል። መብራት በድንገት ያጠፋንበት ልጅ እንግዲህ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እንደ ዕውር ነው፤ የምንገሥጸውም በዚያው ሰዓት ነው።

ስለ መፍትሔው ስፈልግ ሜሪ ካቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1924 ዓ.ም. የጻፈችውን ነገር አገኘሁ። ፒተር የተባለ ሕፃን ጥንቸል ይፈራ ነበር። እርስዋም ልጁ የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሉን በሩቅ እያሳየች፥ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እያስጠጋች፥ በመጨረሻ አብሮት እስኪጫወት አደረሰችው። እኔም ከጨለማው ጋር እንዲሁ ለማድረግ ቈረጥሁ።

አስቀድሜ ለልጄ አያ ጅቦን የጠራሁት ውሸቴን እንደ ሆነ ነገርኋት፤ አባት ለልጁ እንዲህ ማለት እንደሚከብድ የሞከረ ያውቀዋል። ከዚያ በቀን ብርሃን መኝታ ቤቷን አብረን ዞርነው። «ጥቁር ሰውዬ የሚቆመው እዚህ ነው» ብላ ያሳየችኝ ሥፍራ በምስማር ላይ የተሰቀለው የእኔው ካፖርት ነበር። በችሎት በሌሊት አየሁ የሚል ምስክር ሲቀርብ ዳኛው ምን ብርሃን ነበረ፥ ምን ያህል ራቅህ ብሎ ይጠይቀዋል፤ ቃሉን የምጽፈው እኔ፥ የገዛ ልጄን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኋትም ነበር። ካፖርቱን ላነሣው ብዬ ተውሁት፤ መጀመሪያ በብርሃን፥ ኋላም በጨለማ በእጇ ዳሰሰችው።

ማታ ማታ መብራቱን አጥፍተን ከአልጋው ጫፍ እንቀመጣለን። መጀመሪያ ምንም አይታይም፤ ቈይቶ መስኮቱ ይለያል፥ ቀጥሎ ሣጥኑ፥ ቀጥሎ የወንበሩ እግር። ቀድሞ ያየ ይጠራል፤ ዐይኗ ከእኔ የተሻለ ስለ ሆነ ሁልጊዜ ትቀድመኛለች። ሳምንት ካለፈ በኋላ ከአልጋው ወደ መዝጊያው፥ ከመዝጊያው ወደ ውጭው ክፍል ራቅሁ፤ «እስከ መቶ ቈጥሬ እመለሳለሁ» ካልሁም በመቶ ተመለስሁ። አንድ ቀን ስልክ ይዞኝ ብዘገይ የሳምንቱ ድካም ሊፈርስ ምንም አልቀረውም ነበር።

አንዳንድ አባቶች ዱላ ይዘው ከአልጋ ሥር ጅብ ያባርራሉ፤ ልጁ ይስቃል፥ ነገር ግን አባቱ የሚያባርረው ነገር እንዳለ ይመሰክርለታል። በጸሎትም እንዲሁ ነው። የዳዊት 90ኛው መዝሙር የሌሊቱን ድንጋጤ ስለሚያነሣ በመኝታ ጊዜ ማስደገሙ መልካም ነው፤ «ካልጸለይሽ ሰይጣን ይመጣብሻል» ማለት ግን ጸሎቱን ራሱን ሌላ አያ ጅቦ ማድረግ ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ሳለሁ የቃል ትምህርት በጨለማ ስንደግም ፍርሃቴን ያቀለለልኝ ከጎኔ የሚሰማው የጓደኛዬ ድምፅ ነበር።

መብራት ማሳደር ለሚፈልግ ቤት ደብዛዛና ቀላ ያለ ብርሃን ይበቃል፤ ደማቅ መብራት፥ ቴሌቪዥንና የስልክ መስታወት እንቅልፍ የሚያመጣውን የሰውነት ቅመም ያዘገያሉ። ኩራዝና ሻማ ግን ልጅ በተኛበት ክፍል ሊያድሩ አይገባም።

አንድ ነገር ሳልጽፍ ባልፍ ቅር ይለኛል። ልጁ ሲመሽ ዕቃ እየመታ የሚደናቀፍ፥ ባልንጀሮቹ የሚያዩትን የማያይ እንደ ሆነ፥ ፍርሃት የመሰለን ነገር ዳፍንት ሊሆን ይችላል። ዳፍንት ብዙ ጊዜ ከቪታሚን ኤ ጕድለት ይመጣል፤ በደብዛዛ ብርሃን የሚያዩት ሕዋሳት ያለ እርሱ አይሠሩምና። ጉበት፥ የእንቍላል አስኳል፥ ካሮት፥ ጎመንና ፓፓያ ይህን ቪታሚን ይሰጣሉ፤ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ሕፃናትም በየስድስት ወሩ እንክብሉ በጤና ጣቢያ ይሰጣል። እንዲህ ያለውን ልጅ ፈሪ ብሎ መስደብ አንካሳን ለምን አትሮጥም እንደ ማለት ነው፤ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ፍርሃቱ በድንገት የመጣበትን ልጅ ደግሞ ማን ምን እንዳደረገበት በለዘብታ መጠየቅ ይገባል።

እነሆ ከጀመርን ሁለት ወር ሆነ። ባለፈው ሳምንት መብራት ሲጠፋ ሻማውን ከጓዳ ያመጣችው ልጄ ናት፤ ስትሄድ እየዘፈነች፥ ስትመለስ እየሮጠች ነበር። መዝጊያው አሁንም ስንዝር ያህል ተከፍቶ እንዲያድር ትፈልጋለች፤ እኔም ስንዝር ለክቼ እተወዋለሁ።