ያውቁ ኖሯል? «ዳ በት»ን ያስተዋወቀው ፊልም

«ዳ በት» ኢ.ዩ. የተባለው የዋሽንግተን ዲሲ ባንድ የተጫወተው የፈንክ ጭፈራ ዘፈን ነው። አሜሪካ በሰፊው ያወቀችው ግን በስፓይክ ሊ የሙዚቃ ኮሜዲ ፊልም፣ በ«ስኩል ዴዝ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 መጀመሪያ ለእይታ የበቃው ይህ ፊልም በአንድ የጥቁሮች ኮሌጅ ስለሚማሩ ወጣቶች ይተርካል።

ባንዱ የሚጫወተው ጎጎ የሚባለውን የፈንክ ዓይነት ነው። ጎጎን በ1970ዎቹ ያስጀመረው ጊታሪስቱ ቸክ ብራውን ሲሆን፣ መለያው በአንዱ ዘፈንና በሚቀጥለው መካከል ከበሮና ኮንጋው አለማቋረጣቸው ነው፤ ጨፋሪው አረፍ የሚልበት ፋታ አያገኝም። ይህን ያህል የሚያስጨፍር ሙዚቃ ግን ከከተማው ውጭ ብዙ አድማጭ አልነበረውም። ድምቀቱ ያለው መድረክ ላይ ነውና፣ በሸክላ ሲቀዳ ይቀዘቅዛል።

ዘፈኑን ለፊልሙ ከደረሱት አንዱ ዝነኛው የቤዝ ጊታር ተጫዋች ማርከስ ሚለር ነው። ባንዱ ራሱ በፊልሙ ውስጥ ሲጫወት ይታያል፤ የዋና ልብስ የለበሱ ተማሪዎች ዳሌያቸውን እያወዛወዙ ይጨፍራሉ። ተመልካቹ ዜማውን ከነውዝዋዜው በአንድ ጊዜ መያዙ ለዝናው ትልቁ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። በዚያው ዓመት ዘፈኑ በቢልቦርድ የጥቁሮች ሙዚቃ ሰንጠረዥ 1ኛ፣ በአጠቃላዩ ሰንጠረዥ ደግሞ 35ኛ ሆነ።

ዋሽንግተን በ2020 ጎጎን ይፋዊ ሙዚቃዋ አድርጋ በሕግ አጸደቀች። በ2021 የኦስካር ሥነ ሥርዓት ላይ ደግሞ ተዋናይት ግሌን ክሎዝ ተነሥታ በ«ዳ በት» ስትጨፍር፣ ዘፈኑ እንደገና መነጋገሪያ ሆነ።