የአሜሪካ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች መሰብሰቢያ የነበሩት መታጠቢያ ቤቶች ለምን ከሰሙ?

በአውሮፓውያኑ ጥቅምት 1984 የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የጤና ኃላፊ የነበሩት ዶክተር መርቪን ሲልቨርማን 14 የንግድ ቤቶች እንዲዘጉ ትዕዛዝ ሰጡ። ቤቶቹ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ወንዶች የሚያዘወትሯቸው የእንፋሎት መታጠቢያዎችና መሰል ክበቦች ነበሩ። ለመዘጋታቸው ምክንያት የሆነው ኤድስ ነው።

ትዕዛዙ ዛሬም ድረስ ያልተቋጨ ክርክር አስነሳ። ገዳይ በሽታ ሲዛመት ተጋላጮች የሚሰባሰቡበትን ቦታ መዝጋት ሕይወት ያድናል ወይስ እነርሱን አግኝቶ ማስተማር የሚቻልበትን ዕድል ያሳጣል?

ከፍርሃት መሸሸጊያ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ፣ በአሜሪካ ከተሞች በርካታ ነዋሪዎች በቤታቸው ገላ መታጠቢያ ስላልነበራቸው የሕዝብ መታጠቢያ ቤቶች የተለመዱ ነበሩ። የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ወንዶችም ከእነዚህ አንዳንዶቹን መገናኛቸው አደረጓቸው። ግንኙነታቸው በሕግ የሚያስቀጣ፣ ሲታወቅም ሥራና ቤተሰብ የሚያሳጣ ስለነበር፣ ከመናፈሻና ከጎዳና ይልቅ በሩ የሚዘጋ ቤት ይሻላቸው ነበር።

ይሁን እንጂ መሸሸጊያው አስተማማኝ አልነበረም። በየካቲት 1903 የኒው ዮርክ ፖሊስ በአሪስተን ሆቴል የሚገኘውን መታጠቢያ ቤት በድንገት ፈትሾ ደንበኞችን አሰረ፤ ከመካከላቸውም የዓመታት እስራት የተፈረደባቸው ነበሩ።

ከድብቅነት ወደ አደባባይ

በ1968 ስቲቭ ኦስትሮው በኒው ዮርኩ አንሶኒያ ሕንጻ ምድር ቤት ‘ኮንቲኔንታል ባዝስ’ን ሲከፍት ሌላ ምዕራፍ ተጀመረ። ቤቱ መዋኛ፣ ሳውና፣ የዳንስ ስፍራና የሙዚቃ መድረክ ነበረው። ድምጻዊት ቤት ሚድለር ከዝናዋ በፊት በዚያ መድረክ ስትዘፍን በፒያኖ ያጀባት ባሪ ማኒሎው ነበር።

ብዙዎች ወደነዚህ ቤቶች የሚሄዱት ለወሲብ እንደነበር አይካድም። ሆኖም ማንነቱን ከዘመድም ከባልደረባም ደብቆ ለሚኖር ሰው፣ እንደ እርሱ ያሉ ሌሎች መኖራቸውን የሚያይበትና ወዳጅ የሚያፈራበት ስፍራም ነበሩ። የታሪክ ተመራማሪው አለን ቤሩቤ በ1984 ለሳን ፍራንሲስኮ ፍርድ ቤት ባቀረቡት ጽሑፍ የቤቶቹን ማኅበራዊ ታሪክ አስረድተዋል።

በየካቲት 1981 የካናዳ ቶሮንቶ ፖሊስ በአንድ ሌሊት አራት መታጠቢያ ቤቶችን ወርሮ 300 ገደማ ወንዶችን ሲያስር፣ በማግስቱ ሺዎች ለተቃውሞ ወጡ። የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ በ2016 ስለ ድርጊቱ በይፋ ተጸጽተዋል።

በሽታውና ክርክሩ

በዚያው ዓመት ሰኔ ወር የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት በሎስ አንጀለስ አምስት ወጣት ወንዶችን ስላጠቃ እንግዳ የሳምባ ምች ሪፖርት አወጡ። ኋላ ኤድስ የተባለው በሽታ የመጀመሪያው ይፋዊ ዘገባ ይህ ነበር። የቫይረሱ የደም ምርመራ ግን እስከ 1985 አልቀረበም።

የመዘጋቱ ጉዳይ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችንም ከፋፈለ። ገሚሱ በየሳምንቱ ወዳጆቹን እየቀበረ ቤቶቹ ክፍት መሆናቸውን ሊቀበል አልቻለም። ሌላው ደግሞ በሽታው የሚተላለፈው በድርጊት እንጂ በሕንጻ ስላልሆነ፣ ቤቶቹ ኮንዶምና ትምህርት ማደያ ይሁኑ ሲል ተሟገተ።

የሳን ፍራንሲስኮ ፍርድ ቤት፣ የሚዘጋ በር ያላቸው የግል ክፍሎች እንዲቀሩና ሠራተኞች ደንበኞችን እንዲከታተሉ በማዘዝ ቤቶቹ እንዲከፈቱ ፈቀደ። በኒው ዮርክ ደግሞ ኮንዶም ያድል የነበረው ‘ኒው ሴንት ማርክስ ባዝስ’ በ1985 መጨረሻ በከተማው አስተዳደር ተዘጋ፤ ፍርድ ቤትም እርምጃውን አጸደቀው።

ነጻነት ሲሰፋ

ቤቶቹን ያዳከማቸው ግን ትዕዛዝ ብቻ አይደለም። የበሽታው ፍርሃት ደንበኛ አራቃቸው። የከተማ ኪራይ ናረ። በ2009 ግራይንደር ሲጀመር መተዋወቂያው ወደ ስልክ ተዛወረ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2003 በፈቃደኝነት የሚደረግ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን የሚቀጡ ሕጎችን ሻረ፤ በ2015 ደግሞ ጋብቻን በመላ አገሪቱ ፈቀደ። መደበቅ ግዴታ መሆኑ እየቀረ ሲሄድ መሸሸጊያውም ተፈላጊነቱ ቀነሰ።

ሳን ፍራንሲስኮ የግል ክፍሎችን የሚከለክለው ደንብ እንዲሻር የወሰነችው በ2020፣ ከሲልቨርማን ትዕዛዝ 36 ዓመታት በኋላ ነው። ያኔ ቫይረሱን የሚቆጣጠር ሕክምናም፣ አስቀድሞ የሚወሰድ የመከላከያ እንክብልም ነበር። በ1984 ግን ኃላፊው ሁለቱም አልነበራቸውም፤ በእጃቸው የነበረው የመዝጋት ሥልጣንና ለማስተማር የቀረው ጥቂት ጊዜ ነበር።