የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የትኞቹን የሕመም ማስታገሻዎች ሊጠነቀቁ ይገባል?

የወገብ፣ የጉልበት ወይም የጥርስ ሕመም ሲበረታ በርካታ ሰዎች ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝተው ይወስዳሉ። ጤነኛ ሰው ለጥቂት ቀናት ቢወስዳቸው የሚያሰጋው ጉዳት አነስተኛ ነው። የልብ ሕመም ወይም ከፍተኛ የደም ግፊት ላለበት፣ አልያም ቀደም ሲል ስትሮክ ላጋጠመው ሰው ግን አደጋው ከፍ ይላል።

መድኃኒቶቹ ሕመምና እብጠት የሚያስከትሉ ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ንጥረ ነገሮች እንዳይመረቱ ያግዳሉ። ይሁን እንጂ ከእነዚሁ መካከል ደም ያለአግባብ እንዳይረጋ የሚከላከሉ፣ ኩላሊትም ጨውና ውኃ እንዲያስወግድ የሚረዱ ይገኛሉ። እነርሱ ሲቀንሱ ደም የመርጋት ዕድሉ ይጨምራል፤ ጨውና ውኃ በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ የደም ግፊትም ከፍ ይላል።

ጉዳዩ የዓለምን ትኩረት የሳበው ሮፌኮክሲብ የተባለው ማስታገሻ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ከገበያ ሲወጣ ነው። የአውሮፓ መድኃኒቶች ኤጀንሲ በ2013 ዳይክሎፌናክ የልብ ድካም ላለባቸው፣ እንዲሁም ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ላጋጠማቸው ሰዎች እንዳይሰጥ መክሯል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2015 አደጋው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ሊከሰት እንደሚችል፣ መጠኑና የሚወሰድበት ጊዜ ሲጨምርም እንደሚያይል አስጠንቅቋል።

በአገራችን በርካታ ወጣቶች በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም በሚመጣ የልብ ቧንቧ በር ችግር ይሠቃያሉ። ከእነርሱ መካከል ዋርፋሪን የሚወስዱ አሉ፤ ማስታገሻዎቹ ከዋርፋሪን ጋር ሲወሰዱ ከባድ የደም መፍሰስ ሊያስከትሉ ይችላሉ። ከሚያሸኑና ከአንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች ጋር ሲወሰዱ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳሉ። አይቡፕሮፌን ለልብ ተብሎ በየቀኑ የሚወሰደውን አስፕሪን ጥቅም ሊያሳጣ ይችላል። ይህ ማለት ግን ሐኪም ያዘዘውን አስፕሪን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ይገባል ማለት አይደለም።

ዳይክሎፌናክን በመርፌ መውሰድም ከአደጋው አያድንም፤ መድኃኒቱ ወደ ደም መግባቱ አይቀርምና።

ለልብ ሕሙማን አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚመረጠው ፓራሲታሞል ነው። አዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራም ከሆነ ከ8 ፍሬ በላይ መውሰድ የለበትም። የጉበት ችግር ያለበት ወይም አልኮል የሚያዘወትር ሰው መጠኑን ሐኪም ይጠይቅ። በውኃ የሚሟሟው ፓራሲታሞል ሶዲየም ስላለው የደም ግፊትና የልብ ድካም ላለባቸው አይመከርም።

መድኃኒት ሲገዙ የልብ ሕመም እንዳለብዎትና ምን ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ ለባለሙያው አስቀድመው ይንገሩ። ማስታገሻ እየወሰዱ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ወገን አካል መዛል ወይም የአንደበት መተሳሰር ካጋጠመዎት ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና ተቋም ይሂዱ። እግርዎ ካበጠም መድኃኒቱን አቁመው ሐኪም ያማክሩ።