ሸክላ ሠሪዋ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ

ቅዳሜ ጂንካ ገበያ የወጣ ሰው የአሪ ብሔረሰብ ሴቶች ማሰሮና ድስት ደርድረው ሲሸጡ ያያል። ሸክላውን ያለ ማሽከርከሪያ፣ በእጃቸው ብቻ ነው የሚያበጁት። ሴት ልጅ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ፣ ጭቃ እያድበለበለች ትማራለች። ክፍያ የለም፤ ምዝገባም የለም። ለጂንካና ለኦሞ ወንዝ አካባቢ ችግረኛ ልጆች ነጻ የሥነ ጥበብ ትምህርት ይሰጥ ሲባል ጥያቄው ከዚህች ልጅ መነሳት ያለበት ይመስለኛል።

ይህ ሙያ ግን ባለቤቱን አላስከበረም። ሸክላ ሠሪዎቹ «ማና» እየተባሉ ተንቀው ኖረዋል፤ ከገበሬው ወገን ጋር መጋባትም ክልክል ነበር። ልጅቷ ክፍል ስትገባ የእናቷን ሙያ ብትደብቅ አይፈረድባትም።

በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ከክፍያ ነጻ አድርጓል። ሙዚቃና ሥዕልም በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ውስጥ ነበሩ፤ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ «የክወናና የእይታ ጥበባት» የሚል ስም አላቸው። ነጻ የሆነው ግን ወንበሩ ነው። ቀለምና ወረቀት የሚገዛው ወላጅ ነው፤ በሙያው የሠለጠነ መምህርም እንደልብ አይገኝም። ሠዓሊው ዓለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ብዙ ሠዓሊ አፍርቷል፤ ከጂንካ ግን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

እዚያው አዲስ አበባ ውስጥ ለችግረኛ ልጆች የተሳካ ነገር ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ እንግሊዛዊው የዳንስ ባለሙያ ሮይስተን ማልዱም ከጎዳና ልጆች ጋር ሠርቶ፣ ከእነሱ መካከል «አዱኛ» የተባለው የዳንስ ቡድን ወጣ። ልጆቹ የሠለጠኑት ለዓመታት ነው። ክረምት ላይ መጥቶ፣ ቀለም አድሎ፣ ፎቶ አንስቶ የሚሄድ በጎ ፈቃደኛ ያንን አያደርግም።

ፎቶው በራሱ ሌላ ጣጣ አለው። ኦሞ ወንዝ ዳር የካሮ ብሔረሰብ ሰዎች ገላቸውን በነጭ አፈርና በከሰል ይቀባሉ፤ ቱሪስት ለእያንዳንዱ ፎቶ ይከፍላል። ልጆችም ተቀብተው መንገድ ዳር መቆም ይለምዳሉ። ጥበቡ ገንዘብ የሚያመጣው ልጁ ከክፍል ሲቀር ከሆነ፣ ትምህርት ቤቱ ይሸነፋል።

እኔ የምለው፣ ሸክላ ሠሪዋ በመምህርነት ትግባ። ዲፕሎማ ስለሌላት በቋሚነት መቀጠር ባትችል፣ በሰዓት ይከፈላት። ጭቃውንና የማገዶውን ወጪ ትምህርት ቤቱ ይቻል። ቅዳሜ ገበያዋ ስለሆነ፣ ትምህርቱ ከሳምንቱ ቀናት በአንዱ ይሁን፤ የገበሬውም ልጅ ከፊቷ ተቀምጦ ይማር።